ተራራ ዘግቶ ማቆየት፦ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ሣር አጨዳው

ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነሳ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ችግኝ ነው። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ እኔም ስተክል ነው የኖርኩት። ግን ዕድሜዬን በሰሜን ሸዋ ደጋ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ ስላሳለፍኩ አንድ ነገር አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። የወል ተራራ የሚለማውም የሚጠፋውም ሣሩ በሚከፋፈልበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ድሃውም ሀብታሙም እኩል ከደረሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት ተራራውን የሚጠብቀው ሕዝቡ ራሱ ነው። ካልደረሰው ግን ዘበኛ በዘበኛ ላይ ብትጨምሩ ሌሊት ሌሊት ያልቃል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በየቀበሌው አዲስ ለተመደቡ የልማት ሠራተኞች፣ ለተፋሰስ ኮሚቴ አባላት፣ እና የሰፈራቸው ጋራ ራቁቱን ሲቀር እያዩ ለሚቆጩ ወጣቶች ነው። ሥራው የአንድ ዘመቻ አይደለም። የገባበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይቆይበታል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው በትክክል መጀመር ይሻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ጓሳን እዩ

ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሣር ምድር ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው የሚጠብቀው። አስቦ እና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አባቶች የሚወለዱ ሰዎች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይተዳደሩበት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ቦታው ይዘጋል፣ አንዳንዴም ለ3 ዓመት፣ ሲብስም ለ5 ዓመት። ሣሩ ደርሷል ሲባል የተመረጠው ሹም የሚከፈትበትን ቀን ያውጃል። በበጋው ጫፍ ሰው መጀመሪያ ገብቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ከብቱ ይወጣና እንደገና ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ጓሳም ብዙ ተጎዳ። ዛሬ ግን በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ሕዝብ የሚመራ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቆሟል፤ ጭላዳ ዝንጀሮውም ቀይ ቀበሮውም አሁንም አሉ። ሕዝቡ ሣሩን ስለሚያውቀውና ስለሚጠቀምበት መልሶ ለመቆም ጉልበት አገኘ።

ከዚህ አጠገብ ሌላውን አስታውሱ። በደርግ ዘመን ለሥራ በሚሰጥ ስንዴና ዘይት ብዙ ጋራ ተከልሎ ነበር። እርከኑ ተሠራ፣ ዛፉም በቅሎ ነበር። 1983 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ሲለወጥ ብዙው በአጭር ጊዜ ተቆረጠ። ሰው "የመንግሥት ነው" ብሎ ስለሚያስበው የእኔ የሚል አልተገኘም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያ እንዳይደገም ነው።

1. ቦታውን ከሰው ጋር ዙሩት

በካርታ ብቻ አትወስኑ። ካርታው ላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ የአንዱ የበግ መውጫ፣ የሌላዋ የውሃ መንገድ፣ የሦስተኛው የክፉ ዓመት ግጦሽ ነው። ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት እረኛ ልጅ፣ ጭራሮ የሚለቅሙ ሁለት ሴቶች ይዛችሁ ወሰኑን በእግር ዙሩ። እረኞቹን በተለይ አትርሱ። የትኛው ምንጭ መቼ እንደሚደርቅ፣ ጎርፉ የት እንደሚሰነጥቅ ከባለሙያ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ስትዞሩ አራት ነገር መዝግቡ፦ ከላይ ውሃ የሚመጣበትን፣ ቦረቦር የጀመረበትን፣ ምንጭ የነበረበትን፣ ከብት የሚያልፍበትን። የከብት መተላለፊያ ሳትተዉ የተዘጋ ተራራ በመጀመሪያው ሳምንት ይጣሳል፣ ጣሹም ልክ ነው።

የመሬት መሰንጠቅ ካያችሁ ቁሙ። ደብረ ሲና እና ጣርማ በር አካባቢ ያለ ሰው የመሬት መንሸራተትን ምን እንደሆነ አይነገረውም። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ውሃ የሚያሰርግ ረዘም ያለ ጉድጓድ (ትሬንች) መቆፈር መሬቱን ያከብደዋል፣ መንሸራተቱንም ያፋጥናል። እዚያ ውሃውን በማፋሰሻ ቦይ ቶሎ ማውጣት፣ ከዚያ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ አገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ ማብዛት ነው። ይህን አጥብቄ የምለው "እርከን ሁሉ ጥሩ ነው" የሚለው ልማድ ቀስ በቀስ ደንብ ስለሆነ ነው።

2. የሚጎዳውን ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ

ጋራ ሲዘጋ ሁሉም እኩል አይጎዳም። የራሱ ሰፊ ማሳና ገለባ ያለው ገበሬ ብዙም አይሰማውም። ጉዳቱ የሚያርፈው መሬት የሌላት፣ ጥቂት በግ ያላት ሴት ላይ፣ እና ቤት የመሠረተ ግን ማሳ ያልደረሰው ወጣት ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ስብሰባ ላይ ብዙ አይናገሩም። ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት አይደለም።

አንድ ስብሰባ ላይ ይህ ነገር በደንብ ወጥቶ ሰምቻለሁ። ባልቴት ናቸው፣ ከኋላ ተነስተው ሊቀመንበሩን እንዲህ አሉት፦

"ልጄ፣ እናንተ ጋራውን ስትዘጉት ለአገር ነው ትላላችሁ። እኔ ያሉኝ በጎቼ ናቸው። ክረምቱን ምን አብልቼ ላሳልፋቸው?"

ሊቀመንበሩም "እማማ፣ እውነትዎን ነው። እስቲ የትኛው ቢቀር ይበቃዎታል?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም በጣታቸው የታችኛውን ጎን አሳዩ። የዚያ ቀን ስምምነት የቆመው በዚህ ጥያቄ ነው። የታችኛው ጎን ለሦስት ዓመት ክፍት ተባለ፣ የላይኛው ተዘጋ፣ የላይኛው ሲያገግም ደግሞ እንዲለዋወጡ ተወሰነ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ተራራውን በአንዴ አትዝጉ። በሁለት ወይም በሦስት ከፍላችሁ በየተራ ዝጉት። ከላይኛው ጀምሩ። ከላይ ያለው ካልዳነ ታች የምትሠሩት ሁሉ በደለል ይሞላል።

3. ደንቡን አጭር አድርጋችሁ ጻፉ

መተዳደሪያ ደንብ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ረጅም ደንብ ማንም አያነበውም፣ ያላነበበውን ደግሞ ማንም አያከብረውም። እነዚህ ይኑሩበት፦ ወሰኑ የት እንደሆነ በሚታወቅ ምልክት፤ ተጠቃሚ እነማን እንደሆኑ፣ በስም፣ በየጎጡ፤ ምን እንደተከለከለና ምን እንደተፈቀደ፤ የሚከፈትበት ጊዜ፤ ሣሩ እንዴት እንደሚከፋፈል፤ ቅጣቱ፤ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚቆጣጠረው።

የተፈቀደውን መጻፍ የተከለከለውን ከመጻፍ አይተናነስም። ደረቅ ጭራሮ በወር አንድ ቅዳሜ መልቀም ይፈቀድ። ለመድኃኒት ሥር ቅጠል መቁረጥ ይፈቀድ። ቀፎ መስቀል ይፈቀድ። ሁሉንም በር ዘግታችሁ "አትንኩ" ካላችሁ ሰው መስኮት ይፈልጋል።

ቅጣት ላይ ስሜታዊ አትሁኑ። ትልቅ ቅጣት ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳያጋልጥ ያደርጋል፤ "ምን አድርጎ ይከፍላል?" ብሎ ያልፈዋል። ትንሽ ይሁን፣ ሁሌም ይከፈል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ሲደጋገም ይጨምር፣ ከዚያም ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይሂድ። የኮሚቴ አባል በግ ሲገባ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን። ይህን አንቀጽ ኮሚቴው ራሱ ካቀረበው ሕዝቡ በሌላው ሁሉ ያምነዋል። አያቶቻችን ዳኝነትን ከራስ ይጀምራሉ የሚሉት ለዚህ ነው።

ደንቡን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በእድር ቀን፣ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ባሉበት ቀበሌ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ ከመፈረሙ በፊት በጆሮው መስማት አለበት።

4. ወረቀቱን አስጨርሱ

ይህ ክፍል ያሰለቻል፣ ግን ዝለሉት አልልም። የወል መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ከሌለው ነገ አንዱ መጥቶ ለኢንቨስትመንት ወይም ለቤት መሥሪያ ሲጠይቀው የሚከላከልበት ነገር አይኖራችሁም። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የወል ይዞታን ያውቀዋል። የፌዴራሉ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ ማኅበረሰብ የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል ይቀበላል። ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ ወሰኑ ተለክቶ ካርታ እንዲወጣለት ጠይቁ። ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ አስገቡ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙት። ቢመላለሱባችሁም አትሰልቹ።

5. ውሃውን ከላይ ያዙት

የተፋሰስ ሥራ የሚሠራው መኸር ገብቶ፣ ሰው ፋታ ሲያገኝ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። በበልግ አብቃይ ቀበሌ ግን ዝናቡ ቀድሞ ሊመጣ ይችላልና ጥር እንደገባ ጀምሩ።

ሥራው ሁሉ የሚቆመው ልኩ ላይ ነው። የዘነበለ እርከን ከሌለ እርከን ይብሳል፤ ውሃውን ወደ አንድ ቦታ ሰብስቦ ቦረቦር ይሠራል። ልኩን ለማውጣት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት፣ 10 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎ እና ትንሿ የግንበኛ ውሃ ልክ ትበቃለች። ሲባጎውን በሁለቱም እንጨት ላይ እኩል ከፍታ ላይ እሰሩት። ውሃ ልኩን ልክ መሃሉ ላይ፣ 5 ሜትሩ ላይ አንጠልጥሉት። አንዱ ሰው ባለበት ይቆማል፣ ሌላኛው እንጨቱን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፣ ሦስተኛው ሰው መሃል ጎንበስ ብሎ የአየር አረፋዋን ያያል። አረፋዋ መሃል ስትገባ "በቃ!" ይላል፣ እዚያ ድንጋይ ይቀመጣል። ከዚያ የኋለኛው ወደ ፊት ያልፋል። ነፋስ ባለበት ሰዓት ሲባጎው ስለሚርገበገብ ጠዋት ጠዋት ሥሩት። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን እንጨቶች አለዋውጣችሁ እዩ፤ አረፋዋ ከተንቀሳቀሰች ልኩ የተሳሳተ ነው።

በተዘጋ ጋራ ላይ እርከኑ ዝንባሌ የሌለው ይሁን፣ ውሃው እዚያው እንዲሰርግ። ታች ባለው ጥቁር አፈር ማሳ ላይ ግን ውሃ ከተኛ ሰብሉን ስለሚያበሰብሰው በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አዘንብሉትና ወደ ማፋሰሻው አውጡት።

ትሬንች ሲቆፈር 3 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በቂ ነው። አፈሩ ወደ ታችኛው ጎን ይውጣ። የላይኛው ረድፍ ክፍተት ባለበት ቁልቁል የታችኛው ረድፍ ትሬንች ይምጣ፣ ያመለጠውን እንዲቀበል። የድንጋይ እርከን ከሆነ መሠረቱን 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩለት። መሬት ላይ የተደረደረ ድንጋይ የመጀመሪያው ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።

ቦረቦር ውስጥ ጎርፉን ለማብረድ የሚሠራ ክትር (ትንሽ ግድብ) ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ መሃሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፤ ውሃው መሃል ለመሃል ካላለፈ ዳሩን ቦርቡሮ ክትሩን ብቻውን ያስቀረዋል። ሁለተኛ፣ የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር የውሃ ማለፊያ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ያ ከሆነ ደለሉ ሲሞላ ቦረቦሩ ደረጃ ደረጃ ይሆናል፣ ጉልበቱም ይጠፋል። ከዚያ ደለሉ ላይ ሣር ትከሉበት።

6. ችግኙን በልኩ

የተዘጋ ቦታ መጀመሪያ የሚያበቅለው በራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሣሩ ይመጣል፣ ከዚያ እምቧጮውና ሌላው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ በጥላው ሥር የዛፉ ግልገል። ስለዚህ ለመትከል አትጣደፉ። ባዶ የቀረውን ለዩና እዚያ ብቻ ትከሉ።

የምትተክሉት ከፍታውን ይምሰል። በደጋው ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፤ ከፍ ወዳለው ውርጫማ ቦታ ደግሞ አስታ እና አምጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች። ዘሩን ከቅርብ ካለ ደን፣ ከብዙ ዛፍ ለቅሙ። የወፍ ዋሻ ደን እኮ አጠገባችን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ የጥዱን ዘር ያስመጡት ከወፍ ዋሻ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ዘር ጓሮው ያለው ሰው ከሩቅ ችግኝ ጭኖ ማምጣት የለበትም።

ጉድጓዱ ከወር በፊት ይቆፈር። ተከላው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ ይሁን፤ ዘግይቶ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ኅዳር ውርጭ ያገኘዋል። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፣ በዘመቻ ጥድፊያ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ብዙ ነው። ወይራን ቁጥቋጦ ሥር ብትተክሉት ከፀሐዩም ከፍየሉም ይከለላል። ባሕር ዛፍ ምንጭ አጠገብ አይተከል፤ ከፈለጋችሁ የራሱን ቦታ ለይታችሁ ስጡት፣ ማገዶና ማገር ያስፈልጋልና።

እርከኑ ትከሻ ላይ ደግሞ ደሾ ወይም ፋላሪስ የሚባለውን የመኖ ሣር፣ ወይም ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ። ትሪ ሉሰርን ደጋውን ይወዳል፣ በጎቹም ይወዱታል። ተቆርጦ ለበግ የሚደርስ ነገር እርከኑ ላይ ካለ እርከኑን የሚጠግነው ባለቤቱ ነው፣ እናንተ መለመን አይጠበቅባችሁም።

7. ጥበቃውን ከሰፈሩ አድርጉት

ዘብ የሚሆነው ሰው ከራሱ ከጎጡ ይመረጥ፣ በየዓመቱ ይለወጥ። ክፍያው ከየቤቱ በመኸር የሚሰበሰብ እህል ወይም ከሣር ሽያጭ የሚወጣ ብር ሊሆን ይችላል። በፕሮጀክት ደመወዝ ብቻ የሚጠበቅ ቦታ ፕሮጀክቱ ያለቀ ቀን ያልቃል። ፕሮጀክት ካለ ጥሩ፣ በእሱ ገንዘብ አካፋ፣ ዶማ፣ ቀፎና የችግኝ ጣቢያ ይሠራ። የዘቡን እንጀራ ግን ሕዝቡ ይያዘው።

እሳትን በደንብ አስቡበት። በበጋ የደረቀ የጓሳ ሣርና አስታ አንዴ ከተቀጣጠለ እሳቱን ማቆም ይከብዳል። ማር ቆራጮችን በየበጋው መግቢያ ሰብስባችሁ አነጋግሩ፤ የሚያጨሱበትን እሳት ሳያጠፉ እንዳይሄዱ። ከሰፈር በሚዋሰን በኩል ሣሩን ቀድማችሁ አጭዳችሁ ክፍት መስመር ተዉ።

ጓሳ ዙሪያ ወይም ቀይ ቀበሮ በሚታይበት ደጋ ያላችሁ ደግሞ ውሾቻችሁን አስከትቡ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ነው የቀረው፣ ያለውም በእኛው አገር ብቻ ነው። የሚኖረው አይጥና ፍልፈል እየበላ ነው፤ ከበግ ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም። የሚጨርሰው ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የእንስሳት ክሊኒክ የክትባት ዘመቻ ሲያወጣ ውሻውን በገመድ አስራችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ ሌሊትም በረት አጠገብ ይታሰር። ጭላዳ ገብስ ዳር ሲወርድ ልጆች ያባርሩት፣ ድንጋይ ግን አይወርውሩበት፤ እሱም ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለም።

8. የመክፈቻው ቀን

ሁሉም ነገር እዚህ ነው የሚለየው፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ለድርቆሽ የሚሆን ሣር ሲያብብ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው የሚታጨደው። ከዚያ ካለፈ ይደርቃል፣ ከብቱም ገለባ እንደመብላት ነው የሚሆንበት። ለክዳን ከሆነ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ይቆይ። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ብቻ እጨዱ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ አንድ አንድ ቁራሽ ሳይታጨድ ይቅር፣ ዘሩን እንዲያራግፍ፤ ቁራሹን በየዓመቱ ቀያይሩት።

ቀኑ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገር። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይጀምር። ሌሊት ሾልኮ የሚያጭድ ሰው ካለ ድርሻው ይቀርበታል፤ ይህ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

አሁን አከፋፈሉ። በከብት ብዛት አታከፋፍሉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ብዙ ከብት ያለው ተራራውን ወሰደው ማለት ነው። በቤት ቁጥር ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ጎጆ እኩል። ሴት የምትመራው ቤት ሙሉ ድርሻ ይድረሳት። ከብት የሌለው ሰው ድርሻውን ይሽጥ፤ ለእሱ የተዘጋው ተራራ የሚታየው በዚያ ብር ነው።

ገመድ አዘጋጁ። ቦታውን ስትቆርጡ ከላይ ወደ ታች፣ ከጋራው አናት እስከ ሜዳው እንደ ሪባን ቁረጡት። አግድም ከከፈላችሁት ታች ያለው ለም አፈር ለአንዱ፣ አናቱ ላይ ያለው ጭንጫ ለሌላው ይደርሳል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ጠብ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲሆን ሁሉም ከለሙም ከጭንጫውም ይደርሰዋል። ጎጦቹ ዕጣ ያውጡ። ዕጣውን ሕፃን ልጅ ያውጣ፣ ሽማግሌ ያንብበው፣ ጸሐፊው ይመዝግበው። ከዚያ በየጎጡ ቤት ለቤት እንደገና በገመድ ይለካ።

ያረጁ፣ የታመሙ፣ አራስ የሆነች ሴት ያለችበት ቤት ማጭድ የሚያነሳ ላይኖር ይችላል። ወንፈል ቀድማችሁ አደራጁ። የእነሱ ድርሻ መጀመሪያ ይታጨድ፣ ቤታቸው ድረስ ይሸከምላቸው። ያኔ ጋራው ላይ ጠላው ሲዞር፣ ዘፈኑ ሲደምቅ፣ ሰው ተሸክሞ ሲወርድ የሚታየው ደስታ የየትኛውንም ባለሥልጣን ንግግር ይበልጣል። ወጣቱ በሚቀጥለው ዓመት ዘብ ሁን ስትሉት እምቢ አይልም።

ማምሻውን ሒሳቡን አንብቡ። ስንት ሸክም እንደወጣ፣ ከተሸጠው ስንት ብር እንደገባ፣ ስንቱ ለዘብ፣ ስንቱ ለማገገሚያ እንደሚሆን። ሰው ተሰብስቦ እያለ፣ ሳይበተን። ሒሳብ ያልተነበበበት ቀን የሐሜት ቀን ነው።

9. መሬት ለሌለው ወጣት ቦታ ስጡ

በተዘጋው ቦታ ውስጥ ቀፎ መስቀል፣ ትሪ ሉሰርን አብቅሎ በግ ማድለብ፣ የችግኝ ጣቢያ ማቋቋም፣ በጓሳ አካባቢ ደግሞ እንግዳ መምራት ይቻላል። የመንዝ በግ በውርጩም የሚኖር ጠንካራ በግ ነው፤ አስሮ ቀልቦ ለፋሲካ ማድረስ ያዋጣል። ወጣቶቹን በስም አደራጁና ከኮሚቴው ጋር ውል ይፈራረሙ፦ ቀፎ ያለው ሰው እሳት ሲነሳ ቀድሞ ይወጣል፣ የእርከን ጥገና ላይ በዓመት የተወሰነ ቀን ይሠራል። የሰጣችሁት ቦታ ግን አይታረስ፣ ጎጆም አይቀለስበት፤ ይህን በውሉ ላይ በግልጽ አስፍሩት።

10. መዝገቡንና ወሰኑን አስረክቡ

ለቦታው አንድ ጠንካራ ደብተር ይኑረው። ከአንድ የተወሰነ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ በየዓመቱ መስከረም ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሁሌም ከዚያው ድንጋይ፣ ወደዚያው አቅጣጫ። ምንጩ በበጋ ስንት እንስራ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞላ ጻፉ፤ ውሃ የምትቀዳ ሴት ጠይቃችሁ ታገኙታላችሁ። ስንት ሸክም ሣር እንደወጣ፣ ማን እንደተቀጣ፣ ቅጣቱ መከፈሉን ጻፉ። ከወረዳ ሪፖርት ሲጠየቅ ከዚህ ደብተር ላይ ይቀዳ፣ በግምት አይሞላ።

ኮሚቴው በየሦስት ዓመቱ በምርጫ ይለወጥ፣ ግን ሁሉም በአንዴ አይውረዱ። ግማሹ ይቆይ፣ ግማሹ አዲስ ይግባ። ከአዲሶቹ ቢያንስ አንድ ሴትና አንድ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ወጣት ይኑር። የድሮው ሊቀመንበር ማኅተሙንና ደብተሩን ከማስረከቡ በፊት አዲሱን ይዞ ወሰኑን በእግር ይዙር፣ እያንዳንዱን የወሰን ድንጋይ በእጁ ያስነካው፤ የወሰን ድንጋይ የሌለበት ማዕዘን ካለ በዚያው ቀን ድንጋይ ይቀበርበት። ደንቡ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፦ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ በወረዳው መሬት አስተዳደር፣ አንዱ በሰፈሩ እድር ሳጥን ውስጥ። ጥር ላይ፣ የተፋሰስ ሥራው ሊጀመር ሲል፣ ለሁሉም እንደገና ይነበብና አዲስ ጎጆ የወጡት ስማቸው ይጨመር።